የደረቀው ቱቦ

ጋሽ ጠብታ ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ በግንባታው ቦታ በአራተኛው የቱቦ ረድፍ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ግራ እጃቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትን የብረት ቱቦ እንደጨበጠ ቀርቷል። በቀኝ እጃቸው ይዘዋት የነበረችው ረጅም የብረት ዘንግ ፊት ለፊት በተተከለው ብረት ላይ ጋደል ብላለች። ሁለቱም መዳፎቻቸው ተቃጥለዋል። ሬሳውን ያየው ሐኪም ቃሉ አጭር ነበር፤ «ኤሌክትሪክ ነው። ግን ዛሬ ጠዋት አይደለም፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው።»

መርማሪዋ ይህን የሰማችው ቢሮዋ ተቀምጣ በስልክ ነው። በሥራ ደህንነት ቢሮ «መነጽር» የሚል ቅጽል አውጥተውላታል፤ የላላ ቡሎን ከመንገድ ማዶ ታያለች ይባልላታል። የግንባታውን ቦታ ሲነግሯት ግን ፊቷ እሳት ሆነ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ለቁጥጥር ሄዳ ነበር። ዝናብ ጥሎ ግቢው ላቁጧል፤ እሷ ደግሞ አዲስ ጫማ ተጫምታለች። ከመኪናዋ ሳትወርድ ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች፤ ኢንጂነሩ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የሚነግራትን እየሰማች በስድስቱም ጥያቄዎች አንጻር «አይቻለሁ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ያየችው ነገር ቢኖር የመኪናዋን የዝናብ መጥረጊያ ነው።

ሳጅኑ የግቢው በር ላይ ተቀበላት።

«እትዬ፣ ነገሩ እንኳ አልቋል፤ ለወጉ ነው ያደከምንዎት» አለ ፈገግ ብሎ። «ኤሌክትሪኩ የሚለቀቅበት ሳጥን ተቆልፎ ነው የሚውለው። ቁልፉ አንድ ነው፤ ያለውም ኤሌክትሪሺያኑ እጅ ነው። ሰውየው ደግሞ የሟች አማች ነው፤ ልጃቸውን ነው ያገባው። ዓርብ ዕለት በሠራተኛ ሁሉ ፊት ተጣልተው ‹አንድ ቀን ይገድልዎታል› ብሎ ጮኾባቸዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

«ቁልፉ አንድ መሆኑን ማን ነገረህ?»

ሳጅኑ ከክንዱ ሥር ያቀፈውን ማኅደር ገልጦ አንድ ወረቀት አሳያት። አራተኛው ጥያቄ ላይ «የሳጥኑ ቁልፍ አንድ ብቻ ሆኖ በኤሌክትሪሺያኑ እጅ ይገኛል» ይላል። አጠገቡ በራሷ የእጅ ጽሑፍ «አይቻለሁ»። ከሥር ፊርማዋ።

«እርስዎ ካዩት አበቃ ብዬ» አለ ሳጅኑ፤ ከልቡ ነው። «ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ጣቢያ እወስደዋለሁ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን መለሰችለት። አሁኑኑ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ከአፏ የወጣው ግን «ቦት ጫማ ታገኝልኛለህ?» የሚል ነበር።

ቦት ጫማዎቹ በበሩ አጠገብ በተርታ ተሰቅለዋል፤ በየራሳቸው ላይ የባለቤቱ ሥራ በቀለም ተጽፏል። የኢንጂነሩ፣ የኤሌክትሪሺያኑ፣ የጥበቃው። ሦስቱም እስከ ጉልበት ድረስ የማይለቅ ጥቁር ጭቃ ጠጥተዋል። አራተኛው «ላብራቶሪዋ» የሚሏት፣ የአፈሩን ጥንካሬ የምትለካው ልጅ ነው። እሱ ላይ ጥቁሩ ምልክት ቁርጭምጭሚት ጋ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ ጎማው ከሱቅ እንደወጣ ያብረቀርቃል። በእግሯ ልክ የሆነላት ይኸኛው ብቻ ነበር።

ኢንጂነሩ እየመራ ወደ ረድፎቹ ወሰዳት። ቀጭን፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው።

«ይኼ አፈር አፈር አይባልም» አላት። «ስንት ዘመን የበሰበሰ ሣርና ሥር ነው፤ ውኃውን እንደ ስፖንጅ ቋጥሮ የተቀመጠ። ባለ ሦስት ፎቅ ትምህርት ቤት እንዲሁ ብናቆምበት ቁልቁል ይውጠዋል። ስለዚህ ብረት በአንድ ረድፍ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ በሌላ ረድፍ እንተክላለን። ብረቱ ፖዘቲቭ፣ ቱቦው ኔጋቲቭ። ኤሌክትሪክ ስንለቅበት ውኃው ከብረቱ እየሸሸ ወደ ቱቦው ይሄዳል፤ በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ በአፉ ጠብ ጠብ ይላል። አፈሩ እየደረቀ ይጠነክራል።»

«ሁሉም ቦታ እኩል?»

«የለም። ብረቱ አጠገብ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቱቦው አጠገብ ውኃው ስለሚሰበሰብ እስከ መጨረሻው ለስላሳ ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ የሕንፃው ባለቤቶች መጥተው ጥንካሬውን ሊለኩ ነበር። የትም ቦታ መምረጥ እችል ነበር፤ እኔ ግን ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁሉንም ሰብስቤ ‹ደካማው ቦታ፣ ቱቦው አጠገብ ይለካ› አልኩ። ላብራቶሪዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቱቦው አጠገብ ጥሩ ጥሩ ቁጥር ስታመጣልኝ ምን ያስፈራኛል?»

መርማሪዋ ብረቶቹ አጠገብ ቆማ ወደ ታች አየች። መሬቱ እንደተባለው ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቆቹ ግን አፍ እስከ ገደፋቸው ውኃ ይዘዋል።

«መቼ ነው የዘነበው?»

«ኧረ ዘጠኝ ቀን አልፎታል።»

ወደ ቱቦዎቹ ለመሻገር ስትራመድ መሀሉ ላይ እስከ ጉልበቷ ሰመጠች። ኢንጂነሩ እጇን ይዞ አወጣት። ጥቂት እንደሄደች ግን፣ ለስላሳ ነው በተባለው በቱቦው ዙሪያ፣ መሬቱ ችሎ ያዛት። በጣቷ ጫን አለችው፤ ጠንካራ ነው፣ ቀጭን ስንጥቅም ጀምሮታል። የቱቦው አፍ ደርቋል። ጠብታው ይወርድበት የነበረው ቦይ ውስጥ ጭቃው ተሸብሽቦ ቅርፊት ሠርቷል።

የጋሽ ጠብታን ዘንግ አነሳች። በየሳምንቱ የጠለቀችበትን ልክ በመጋዝ እየጫሩ ምልክት አድርገውባታል። የመጨረሻው ምልክት ክንድ ይሆናል። አሁን የተወጋው ቀዳዳ ግን አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም።

«ጋሽ ጠብታ ለምን ተባሉ?» አለች።

ኢንጂነሩ አንገቱን አቀረቀረ። «ሳጥኑ ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ ነው፤ ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል። እዚህ ደግሞ መብራት በየቀኑ ይጠፋል። ስለዚህ ረድፉ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ቱቦውን ነው የሚያዩት። ከተንጠባጠበ ኤሌክትሪክ አለ፤ ጠብታው ከቆመ ጠፍቷል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ኖረዋል፤ ሁላችንንም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። አጥፍቶ፣ ቆልፎ፣ ‹አታብሩ› የሚል ታርጋ ሰቅሎ መግባት የሚለው ደንብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ማንም አያነበውም።»

የቅጹ ሁለተኛ ጥያቄ እሱ ነበር። እሱንም «አይቻለሁ» ብላለች።

ኤሌክትሪሺያኑ ከሳጥኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው። ስታናግረው አልተነሳም።

«ዓርብ ‹አንድ ቀን ይገድልዎታል› ብለሃል?»

«ብያለሁ! ሦስት ዓመት ሙሉ ብያለሁ! ‹አባባ፣ ጠብታ አይመኑ፣ ይኼው መለኪያ› እላለሁ፤ ይስቁብኛል። ‹አንተ ጥፍር እየቀባህ ኑር› ይሉኛል።»

«ጥፍር?»

ሳጥኑን ከፈተላት። ወፍራም ኬብሎች፣ ቀይና ጥቁር፣ በትልልቅ ቡሎኖች ታስረዋል። ከእያንዳንዱ ቡሎን ራስ እስከ ሥሩ ሰሌዳ ድረስ ቀጭን ሮዝ መስመር ተሰምሯል።

«የሚስቴ የጥፍር ቀለም ነው። ቡሎን አጥብቄ ስጨርስ አሰምርበታለሁ። ከላላ መስመሩ ይጣመማል፣ ከሩቅ አያለሁ። ‹አማቼ የቁንጅና ሳሎን ከፈተ› እያሉ ያስቁብኝ ነበር። ዓርብም በዚሁ ነው የተነታረክነው።» ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «እሑድ ምሳ ሳይመጡ ሲቀሩ ሚስቴ ‹ሂድና አምጣቸው› አለችኝ። ‹ኩርፊያ ነው፣ ይለፍላቸው› አልኳት። ተኝቼ ነው የዋልኩት። እሳቸው እዚህ ወድቀው እኔ ተኝቼ።»

መርማሪዋ ቡሎኖቹን ተራ በተራ አየች። ዋናዎቹ ሁለቱ፣ የቀዩና የጥቁሩ ኬብል ቡሎኖች፣ መስመራቸው ተሰብሯል፤ የቡሎኑ ራስ ላይ ያለው ሮዝ ወደ ግራ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ወደ ቀኝ።

«እነዚህን አንተ ነካሃቸው?»

ተነስቶ አጠገቧ ቆመ። ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን መረመረ። «አልነካሁም። ሰው ፈትቶ አስሯቸዋል።»

«ሁለተኛ ቁልፍ አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ! ጋሽ ጠብታ ናቸው ያስቀመጡት፤ ላብራቶሪ ውስጥ፣ እስክሪብቶ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ውስጥ። ለሳጅኑ ነገርኩት። ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ‹መነጽር የምትባል ሴት አንድ ነው ብላ ፈርማለች፤ ከእሷ አንተን ልመን?› አለኝ።» ቀና ብሎ አያት። «ያቺን ሴት ባገኛት አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃት።»

መርማሪዋ የሳጥኑን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው። እሷ መሆኗን ሳትነግረው ሄደች። በእግሯ ሥር ጭቃው ሲጮህ ለእሷ ብቻ የሚጮህ መሰላት።

ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው እያሹ ነው የመለሱላት።

«ትናንት ማታ ዞር ዞር ስል ሳጥኑ አናት ላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታ ነበር፤ እንደ ወትሮው። ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ስዞር ጠፍታለች። ምነው ብዬ ወደ ረድፎቹ ስሄድ… ያው እንዳዩት።»

«ጋሽ ጠብታ ትናንት ሲገቡ አላዩአቸውም?»

አቀረቀሩ። ጆሯቸው ቀላ።

«አባባ፣ እኔ አልቆጣም።»

«ኳስ ነበረ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ። ማዶ ካለው ቤት ሄጄ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ! እሳቸው የበሩ ቁልፍ ስላላቸው ከፍተው ገብተዋል። እኔ ‹ጎል!› እያልኩ ስጨፍር…» መጨረስ አልቻሉም።

«ዛሬ ጠዋትስ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ማን ገባ?»

«ኧረ ማንም ሰው አልገባም።»

«ማንም?»

«ማንም። ላብራቶሪዋ ልጃችን ብቻ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ገባች። እሷ ሰኞ ሰኞ ማልዳ ነው የምትመጣው፤ እሷማ የቤት ልጅ ናት።»

ላብራቶሪው ንጹሕ ነበር፤ ከግቢው ሁሉ ንጹሕ። ላብራቶሪዋ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠምጥማ ያሰረች፣ ነጭ ጋዎኗ የተተኮሰ ሴት ናት። መዝገቧን ሳትጠየቅ አቀረበች። በየቀኑ ከቱቦዎቹ አጠገብ የተለካው ጥንካሬ በሚያምር እጅ ተጽፏል፤ ቁጥሩ እንደ ደረጃ ቀጥ ብሎ ያድጋል።

«ቱቦዎቹ ድረስ መሄድ አያስቸግርም? እኔ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ።»

«ይለመዳል» አለች ላብራቶሪዋ። ዓይኗ መርማሪዋ ባደረገችው ቦት ጫማ ላይ አረፈና ወዲያው ተነሳ።

«የአንቺን ነው የተዋስኩት፣ ይቅርታ። አቆሸሽኩብሽ።»

«ምንም አይደል።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቆርቆሮ አንስታ እስክሪብቶዎቹን በእጇ ያዘቻቸውና ወደ ውስጥ አየች። ታች የተነጠፈችው ወረቀት ላይ ዝገት አንድ ቅርጽ ትቷል፤ ክብ ራስ፣ ቀጭን አንገት፣ ሁለት ጥርስ። ያን ዕለት ከመኪና ወርዳ እዚህ ክፍል ገብታ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ራሱን ታገኘው ነበር። እስክሪብቶዎቹን መልሳ ከተተች።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ሊትመስ ወረቀት ይኖርሻል?»

ላብራቶሪዋ መሳቢያ ከፍታ፣ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ከሰማያዊ ወደ ቀይ የሚዞረውን ወረቀት ሰጠቻት። ስትሰጣት ግን አላየቻትም።

ሰባት ተኩል ላይ ሁሉም የኢንጂነሩ ቢሮ በሆነው ኮንቴይነር ውስጥ ተሰበሰቡ። ሳጅኑ በሩን ይዞ ቆመ። ኤሌክትሪሺያኑ ጥግ ላይ ነው፤ ጥበቃው ኮፍያቸውን አልለቀቁም። መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጭ የሊትመስ ወረቀት አስቀመጠች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ።

«ኢንጂነር» አለች። «ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ አፈሩ የሚኮመጥጠው የቱ ጋ ነው?»

«ፖዘቲቩ ጋ። ብረቱ አጠገብ። ቱቦው አጠገብ ተቃራኒው ነው።»

«ቱቦው አጠገብ ሰማያዊው ወረቀት ወደ ቀይ ዞረ። እዚያ ኮምጥጧል።»

«እንዴት ይሆናል? ቱቦው ኔጋቲቭ ነው እኮ!»

«እስከ ቅዳሜ ድረስ ነበር። የብረቶቹ አፈር ደርቆ ተሰነጠቀ፤ አሁን ስንጥቁ ውኃ ሞልቶታል፣ ዝናብ ግን የለም። ቱቦዎቹ አጠገብ ያለው ጭቃ ደግሞ ደርቋል። የጋሽ ጠብታ ዘንግ ክንድ ትገባበት በነበረው ቦታ ስንዝር አልገባችም። ውኃው መንገዱን ቀይሯል ማለት ነው። መንገዱን የሚቀይርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀዩን ኬብል በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ ማሰር።»

ኢንጂነሩ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ጠብታውም ይቆማል» አለ ለራሱ። «ኤሌክትሪኩ እያለ ጠብታው ይቆማል!»

«አዎ። ጋሽ ጠብታ የመለኪያው ቦታ ቱቦው አጠገብ መሆኑን ቅዳሜ ሰሙ። እሳቸው በየቀኑ እዚያ ጭቃ ውስጥ ስለሚሰምጡ አልደነደነም ብለው ሠግተው እሑድ ሊፈትሹ መጡ። ቱቦውን አዩ። ደርቋል። መብራት ጠፍቷል አሉ፤ ሠላሳ ዓመት እንዳደረጉት ገቡ። ዘንጋቸውን ወጉ፣ አልገባ አላቸው። ነቅለው ብረቱ ላይ አስደገፏት፤ ጎንበስ ብለው ሊያዩ ቱቦውን ያዙ። አንድ እጅ ቱቦው ላይ፣ አንድ እጅ ዘንጓ ላይ። ኤሌክትሪኩ በደረታቸው አለፈ።»

ጥበቃው ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ጫኑ።

«እንግዲህ ኬብሉን የለወጠው ማነው?» አለ ሳጅኑ። ዓይኑ ኤሌክትሪሺያኑ ላይ ነው። «ባለ ቁልፉ ነዋ።»

«እሱ ቡሎን ካሰረ መስመር ያሰምራል። ሁለቱ ቡሎኖች ላይ መስመሩ ተሰብሮ ቀርቷል። ፈትቶ ያሰራቸው ሰው ሮዟ መስመር ምን እንደምትሠራ አያውቅም፤ ጌጥ መስላዋለች። እኚህ የጥበቃ አባት ደግሞ የአፈር ጥንካሬ ምናቸውም አይደለም። ኢንጂነሩ ቁጥሩ ውሸት መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ‹ደካማው ቦታ ይለካ› ብሎ በገዛ አፉ አይናገርም ነበር። ቱቦው አጠገብ ያለው አፈር በሁለት ቀን ውስጥ መድረቅ ያለበት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ‹ደርቋል› ብሎ ለጻፈ ሰው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ቦት ጫማዋን አሳየች። እስከ ጉልበት ጥቁር ሆኗል።

«ዛሬ ጠዋት ሳነሳው ጭቃው ቁርጭምጭሚት ጋ ነበር የሚያበቃው። አንዴ ወደ ቱቦው የተሻገረ ሰው ጫማው እንደዚህ ይሆናል። የዚህ ጫማ ባለቤት አንድም ቀን አልተሻገረችም። ደረቁ ላይ ቆማ፣ ብረቱ አጠገብ ለክታ፣ ከቱቦው ነው ብላ ጻፈች።»

ማንም ወደ ላብራቶሪዋ ዞሮ ለማየት አልደፈረም። እሷ ራሷ ነች ከጋዎኗ ኪስ ትንሽ ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችው። የዝገቱ ቅርጽ ነበረች፤ ክብ ራስ፣ ሁለት ጥርስ።

«የመጀመሪያው ቀን እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ» አለች፤ ድምጿ ለመስማት ያስቸግራል። «ሠራተኞቹ ሳቁ። ጎትተው ነው ያወጡኝ፤ ይኼ ቦት የተሰጠኝ ከዚያ በኋላ ነው። በማግሥቱ… ከብረቱ አጠገብ ለካሁ። አንድ ቀን ብቻ ብዬ። ከዚያ ቁጥሩ ወደ ኋላ ሊመለስ አይችልም። ቅዳሜ ቱቦው ጋ ይለካል ሲሉ መሬት ብትውጠኝ መረጥኩ። ሁሉም ሲወጣ ኬብሉን ለወጥኩት፤ እሑድ ሰው አይኖርም ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል፣ ሰው አይኖርም ብዬ ነው።»

«ዛሬ ጠዋትስ?» አለች መርማሪዋ።

ላብራቶሪዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች። «ኬብሉን ልመልስ መጣሁ። ከሩቅ አየኋቸው። እንደሞቱ አወቅሁ፤ ጠል ልብሳቸው ላይ ነበር። መጀመሪያ… መጀመሪያ ኬብሉን መለስኩ። ከዚያ መልሼ ላበራ ስል እጃቸው ቱቦው ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። እሳቸው ላይ ማብራት አልቻልኩም። ትቼው ላብራቶሪ ገባሁ። መጮህ አፈርኩ።»

ቀይዋ መብራት የጠፋችው ለዚህ ነበር። ብታበራት ኖሮ ሁሉም እንደ ወትሮው ይመስል ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ ፊቱን ወደ ኮንቴይነሩ ግድግዳ አዞረ።

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቁልፉ ሁለት ከሆነ ይኼ ቅጽ…»

መርማሪዋ ይህችን ደቂቃ ከጠዋት ጀምራ ስትሸሻት ነበር። አሁን መሸሺያው አልቋል። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው።

«ቅጹ ውሸት ነው» አለች። «የዋሸሁትም እኔ ነኝ። ከመኪና አልወረድኩም። ሳጥኑን አላየሁም፣ ቆርቆሮውን አላየሁም፣ ታርጋ ይሰቀል አይሰቀል አልጠየቅሁም። አይቻለሁ ብዬ ስድስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ወርጄ ቢሆን ሁለተኛው ቁልፍ እዚያው ዕለት ይነሳ ነበር፤ በጠብታ መግባትም ይቆም ነበር። ሳጅን፣ ከእሷ ቃል ጋር የእኔንም ቃል አያይዘህ ጻፍ። ይህን ሰው ልታስር የነበረው በእኔ ፊርማ ነው።» ወደ ጥጉ ዞረች። «የምትፈልጋት ሴት እኔ ነኝ። ጥያቄህን ጠይቀኝ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ከግድግዳው ሳይዞር ራሱን ነቀነቀ። «ልጃቸው ውጭ ናት» አለ። «ለእሷ ይንገሯት። እኔ አልችልም።»

ሴትየዋ የአባቷን ዘንግ ታቅፋ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ስታለቅስ የዋለች ናት፤ አሁን ግን ዓይኗ ደርቋል። መርማሪዋ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ ኬብሉን፣ ጠብታውን፣ የባሏን ንጽሕና። ስለ ራሷ ያለውን ለመጨረሻ አቆየችው፤ ሴትየዋ ግን ቀደመቻት።

«መነጽር የሚሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ ደስ ብሎት ነበር» አለች። «‹ያቺ መርማሪ መጥታ ሁሉን አይታ ፈረመች፤ ከእንግዲህ አማቼ አይጨቅጭቀኝ› ብሎን ነበር። እውነት አይተውት ነበር?»

«አላየሁም።»

«ለምን?»

መርማሪዋ ሌላ መልስ ፈለገች፤ ዝናቡን፣ የሥራ ብዛቱን፣ የኢንጂነሩን ቃል። አንዱም ለዚህ ፊት የሚሰጥ አልነበረም።

«አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር» አለች።

ሴትየዋ ዓይኗን ቀስ ብላ ዝቅ አድርጋ የመርማሪዋን እግሮች አየች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ድረስ ነበር።